ጭራቁ ሲመጣ ለምን ይስቃሉ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልህ ከደሴ ነው። አምስት ሆነን እሁድ እሁድ ከሰዓት ሰኞ ገበያ አካባቢ እኛ ቤት እየተሰበሰብን ዲ ኤንድ ዲ እንጫወታለን። አጫዋቹ እኔ ነኝ። ጨዋታው ደስ ይላል፤ ጓደኞቼም ቀርተው አያውቁም። ችግሬ ጭራቆቼ አያስፈሩም። ባለፈው ትሮል የሚባለውን ጭራቅ አመጣሁ። ቁመቱን፣ ጥፍሩን፣ ሽታውን፣ ምራቁን ሳይቀር በወረቀት ጽፌ አነበብኩላቸው። ገና ሳልጨርስ አንዱ ‹ኤችፒው ስንት ነው?› አለኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ የጨዋታውን መጽሐፍ ስልኩ ላይ ስላነበበው ‹ትሮል ነው፣ እሳት አምጡ› ብሎ ጨረሰው። ሁሉም ሳቁ። በሚቀጥለው ሁለት ትሮል ባመጣ ተናደዱ እንጂ አልፈሩም። ምን ላድርግ? አንድ ሰው ካልገደልኩ አይሆንም ማለት ነው? አጫዋቹ፣ ከደሴ»

መልስ፦

አብሽር ወንድሜ። ይህን ጨዋታ የሚያጫውት ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር ነው የገጠመህ። ጓደኞችህ እሁድ በመጣ ቁጥር መምጣታቸው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ጨዋታህን ባይወዱት አይመጡም ነበር።

ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ዲ ኤንድ ዲ፣ በሙሉ ስሙ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታው በወረቀት የተጻፈ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አጫዋቹ ደግሞ ዓለሙን፣ መንደርተኛውንና ጭራቁን ይተርካል። የሚሳካውና የማይሳካው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ኤችፒ የሚባለው አንድ ፍጡር ከመውደቁ በፊት ምን ያህል ጉዳት እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ትሮልህ እንምጣ። ወረቀቱን ስታነብላቸው ጓደኞችህ ምን ያደርጉ ነበር? ይሰሙ ነበር። የሚወስኑት ነገር አልነበራቸውም። ትሮሉ ፊታቸው ቆሟል፣ ውጊያ መሆኑ ታውቋል፣ የቀረው ዳይስ መጣል ብቻ ነው። «ኤችፒው ስንት ነው?» ያለህ ልጅ ሊያሾፍብህ አይመስለኝም። የሚያስብበት ነገር ፈልጎ ነው። ከነገርከው ሁሉ ሊጠቅመው የሚችለው ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ጠየቀህ። ሁለተኛውን ትሮል ስትጨምር ደግሞ ሒሳቡ ረዘመ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ቢናደዱ አይፈረድባቸውም።

ሰው ጨዋታ ላይ የሚፈራው መወሰን ሲኖርበት ነው። የሚያውቀው ነገር አይበቃውም። ጊዜ የለውም። ከተሳሳተ ደግሞ የሚሳሳለት ነገር ይሄዳል። እነዚህ ከተገናኙ ጥፍርና ምራቅ ባይኖርም ይፈራል። ካልተገናኙ ግን አገላለጽህን የፈለግከውን ያህል ብታሳምረው ይስቃል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ጭራቅ ስታዘጋጅ «ምን ይመስላል?» ብለህ አትጀምር። «ልጆቹን ምን እንዲወስኑ ያስገድዳቸዋል?» ብለህ ጀምር።

የአጎትህን ልጅ እንውሰድ። አንብቧል፤ ያለውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው የጭራቆች መጽሐፍ ትሮል 84 ኤችፒ አለው። ተራው በደረሰ ቁጥር 10 ይመለስለታል። እሳት ወይም አሲድ ከጎዳው ግን በሚቀጥለው ተራው አይመለስለትም። ብዙ አጫዋች እዚህ ላይ እልህ ይይዘውና «የኔን ትሮል እሳት አይጎዳውም» ይላል። እንዳታደርገው። ልጁ አንብቦ ያገኘውን ስትነጥቀው እምነት ያጣብሃል። ከዚያ በኋላ የምትለው ነገር ሁሉ የሚቀያየር ይመስለዋል፤ የሚቀያየር ነገር ደግሞ ማንንም አያስፈራም።

ይልቅ ዕውቀቱን ተውለትና እሳቱን አስወድድበት። ሐምሌ ነው በል። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቧል። እንጨቱ ሁሉ ረጥቧል። ቡድኑ ያለው አንድ ችቦ ነው። ትሮሉ ሜዳ ላይ ቆሞ አይጠብቃቸውም፤ የአንዲት እናት ቤት በር ገንጥሎ ገብቷል። ቤቱ የሣር ክዳን ነው። ከላይ ዝናብ ያረሰረሰው ይምሰል እንጂ ከውስጥ በኩል ስንት ዓመት ጭስ የጠጣ፣ ጥላሸት የለበሰ ደረቅ ሣር ነው። ከውስጥ የልጆች ድምፅ ይሰማል። በቃ፣ እዚህ ላይ አቁም። የአጎትህ ልጅ እስቲ አሁን «እሳት አምጡ» ይበል። ችቦው በእጁ ነው። ትክክለኛውን መልስ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ግን ያ መልስ ቤቱን ከነልጆቹ ሊያነደው ይችላል። ያመነታል። አፉን ከፍቶ ይመልሰዋል። ወደ ጓደኞቹ ያያል። አንተ ስትፈልገው የነበረው ፍርሃት ይኸው ነው። ከመጽሐፉ ደግሞ አንዲት ቁጥር አልነካህም።

ሌላው ችግር፣ ጭራቅህ ቶሎ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ያለውን ጊዜ ዘለልከው፤ ዋናው ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው። የአርዌን አፈ ታሪክ አስታውስ። ዘንዶው በአክሱም ምድር ነግሦ ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ይባላል። ስለ ጥርሱ ብዛት የሚያወራ ሰው የለም። ግብሩን ግን አንዴ የሰማ አይረሳውም። ለምን ቢባል፣ ግብሩ እናትና አባት ማታ እሳት ዳር ምን እንደሚነጋገሩ ያሳይሃል። ዘንድሮ የማን ልጅ?

መንደር ስትሠራ እንዲህ አድርግ። ጭራቁ የሰውን ኑሮ እንዴት እንደለወጠው አስብና እሱን ብቻ አሳይ። ቡድኑ ወደ አንድ የተራራ መንደር ገባ እንበል። ምንጩ ቅርብ ነው፤ ከመንደሩ ይታያል። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ግን ሣር በቅሎበታል። ሴቶቹ እንስራ አዝለው በሌላ በኩል ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። ውሾቹ በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ታስረዋል። ምክንያቱን አትንገራቸው። ከጠየቁ አንድ ሽማግሌ «ውሃው ይጎመዝዛል» ይበልና ወሬ ይቀይር። ጓደኞችህ የወሎ ልጆች ናቸው። ምንጭ አጠገቡ እያለ ወንዝ የሚወርድ ሰው ምን ያህል ቢጨንቀው እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳቸው አይፈልጉም። አንዱ «እንሂድና እንየው» ይላል። ሌላው «ቆይ እስቲ» ይላል። ይከራከሩ። አንተ ዝም ብለህ ስማ። ምንጩ ጋ ምን ያለ እንደሚመስላቸው ሲያወሩ የሚፈሩትን ራሳቸው ይነግሩሃል። ካሰብከው የተሻለ ነገር ከተናገሩ ውሰደው፤ ነውር የለውም።

ስሙንም አትጥራ። ልጆች ሳለን በምሽት የእባብ ስም አይጠራም ተብለን አድገናል። መንደርተኛህም «ትሮል» አይበል። «ያ» ይበል። «የላይኛው» ይበል። ወይም አገጩን ወደ ምንጩ ቀስሮ ዝም ይበል። ስሙ የተጠራ ዕለት የአጎትህ ልጅ የመጽሐፉን ገጽ ያስታውሳል፤ ገጹን ካስታወሰ ቁጥሩ ይመጣል።

ጭራቁ ግዴታ ግዙፍ መሆን አለበት ብለህም አታስብ። በዚያው መጽሐፍ ተራ ጅብ ያለው 5 ኤችፒ ብቻ ነው። አንድ የሰይፍ ምት ይበቃዋል። ነገር ግን ሊነክስ ከፈለገው ሰው አጠገብ፣ በ1.5 ሜትር ውስጥ፣ ሌላ ጅብ ካለ ሁለት ዳይስ ተጥሎለት ትልቁን ይወስዳል። ብቻውን ምንም አይደለም፤ በመንጋ ሲመጣ ግን አደገኛ ነው። ጅብን ለምታውቁት ለእናንተ ይህ አዲስ አይደለም።

ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የክረምት ጭጋግ ታውቀዋለህ። አጠገብህ ያለው ሰው ድምፁ ይሰማል፣ መልኩ አይታይም። ያንን ጭጋግ ወደ ጨዋታህ አስገባው። በሕጉም ድፍን ጭጋግ ውስጥ ያለን ነገር ለማየት የሚሞክር ሰው እንደ ዕውር ይቆጠራል። ቡድኑ በቅሎ እየጎተተ ገደል ዳር ያለ ጠባብ መንገድ ይዟል። ከዚያ እንዲህ ብለህ ሞክረው።

«በቅሎዋ ቆመች። ጆሮዋ ቀጥ ብሏል። ብትጎትቷት አትሄድም።»

«ምን አይታ ነው?»

«ምንም አይታይም። ከኋላችሁ ጅብ ጮኸ።»

«ስንት ናቸው?»

«የሰማችሁት አንድ ድምፅ ነው።» ትንሽ ቆይ። «አሁን ከፊትም ተሰማ። ያው ይሁን ሌላ አይታወቅም። የበቅሎዋን ገመድ የያዘው ማነው?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ አንተ በወረቀት ከጻፍከው ሁሉ ትበልጣለች። አንዱ «እኔ» ማለት አለበት። «እኔ» ካለ በኋላ ደግሞ ገመዱን ይልቀቅ ወይስ አይልቀቅ የሱ ጉዳይ ይሆናል። በቅሎዋ ላይ ስንቁ አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ ገመዱ አለ። ካልለቀቀ በቅሎዋ ስትደነብር ወደ ገደሉ ትወስደዋለች። አንድም ጅብ ገና አልታየም።

ጅቦቹ ሲመጡም እንደ ጅብ ይሁኑ። የተመታው ይሽሽ። ሌሎቹ በቅሎዋን ይከተሉ እንጂ እስከ ሞት አይዋጉ። ይህ የጨዋታው የቆየ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የጀማሪዎች መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ጭራቅ ከ2 እስከ 12 የሚደርስ የወኔ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ከወገኑ የመጀመሪያው ሲሞት፣ በኋላም ግማሹ ሲወድቅ፣ አጫዋቹ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል። የወጣው ከወኔው ቁጥር ከበለጠ ጭራቁ ያፈገፍጋል። ይህን ሕግ መልሰህ ብታመጣው እመክርሃለሁ። እስከ ሞት የሚዋጋ ጭራቅ ውጊያው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የሸሸው ግን የሆነ ቦታ አለ። ማታ ሰፈር ሲያደርጉ «ዘብ የሚቆመው ማነው?» በላቸው። ቶሎ የሚመልስልህ አታገኝም።

ስለ መብራት፣ ስለ ሻማና ስለ ሙዚቃ ብዙ ይባላል። ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ግድ የለም። ስልክ ብቻ ኪስ ይግባ። አንተም አጭር አጭር ተናገር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረህ «ምን ታደርጋላችሁ?» በል። በጨዋታው ሕግ ገጸ ባሕርይን «ፈርቷል» የሚያሰኙ ጥቃቶች አሉ፤ ጭራቁ እስከታየው ድረስ ዳይሱ ይከብድበታል፣ ወደ ጭራቁም በፈቃዱ መጠጋት አይችልም። እነሱን አታብዛ። የሚፈራው ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው እንጂ ጓደኛህ አይደለም። እንዲያውም ምርጫውን ስለሚነጥቀው ይሰለቻል።

ሲስቁ ደግሞ አትቆጣ። የደነገጠ ሰው ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ካቆምክበት ቀጥል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርህ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። ከጓደኞችህ ማን ምን እንዳየ፣ ማን በየት በኩል እንደሸሸ፣ ማን ማንን እንዳጣ ሁሉንም ላታውቅ ትችላለህ። ሰው የደረሰበትን ሁሉ አይናገርም። በር ገንጥሎ የሚገባ ነገር ለአንዱ የጨዋታ ድንጋጤ ነው፤ ለሌላው ያለፈበት ሌሊት ነው። ከላይ የሰጠሁህ የሣር ቤት ምሳሌ ራሱ ለእናንተ ጠረጴዛ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድመህ ጠይቅ። በቡድን ፊት አትጠይቅ፤ ሰው ፊት «እኔ ይህን አልችልም» ማለት ይከብዳል። እያንዳንዱን ለብቻው፣ መንገድ ላይ ወይም ሻይ እየጠጣችሁ፣ «ጨዋታችን ውስጥ ባይመጣ የምትለው ነገር አለ?» በለው። ለምን እንደሆነ አታስመርምረው። የነገረህን ነገር ከጨዋታው አውጣው፤ ለሌሎቹም የማን ጥያቄ እንደሆነ አትናገር።

ሌላም የሚረዳ ነገር አለ። በአንዲት ካርድ ላይ የኤክስ ምልክት አድርገህ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጥ። ማንም ሰው ካርዷን ከነካ የጀመርከው ትዕይንት ያለ ምንም ጥያቄ ይቀየራል። በብዙ አገር ያሉ ተጫዋቾች ይጠቀሙባታል። ፍርሃቱን ትቀንሳለች ብለህ አትስጋ። ማቆም እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነው ወደ ጨለማው አብሮህ የሚገባው።

ቡዳንም ጭራቅ አድርገህ አታምጣ። ሰው ማታ ጅብ ይሆናል የሚለው ታሪክ ለጨዋታ እንደሚያጓጓ አይጠፋኝም። ግን «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩት አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። በጋብቻና በማዕድ የተገለሉ ቤተሰቦች አሉ። ከጓደኞችህ አንዱ የዚያ ቤት ልጅ ቢሆን ላይነግርህ ይችላል። የሚያስፈራ ነገር ከሌላ ቦታ አይጠፋም።

አንድ ሰው ካልገደልኩ ወይ ላልከኝ፣ አይደለም። ገጸ ባሕርዩ የሞተበት ልጅ ትንሽ ያዝንና አዲስ ወረቀት ይሞላል፤ ፍርሃቱም እዚያው ያበቃል። የሚያስፈራው እየኖሩ ማጣት ነው። በድሮዎቹ የዲ ኤንድ ዲ መጻሕፍት ቫምፓየር የሚባለው ደም መጣጭ ጭራቅ የመታው ሰው ደረጃው ይቀነስበት ነበር። ስንት ወር ተጫውቶ ያገኘው ደረጃ በአንድ ምት ይሄዳል። ያኔ ተጫዋቾች ከቫምፓየር የሚሸሹት ለዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ በሚባለው ሌላ ጨዋታ ደግሞ ጭራቁን ማየት ብቻውን ከገጸ ባሕርዩ የአእምሮ ጤና ነጥብ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በሩን ከፍተው ይዩ ወይስ አይዩ ብለው ይጨነቃሉ። አንተ ደግሞ ደረጃም አእምሮም ሳትነካ ያቺን በቅሎ መውሰድ ትችላለህ። ስም ካወጡላት፣ ባለፈው ወንዝ ካሻገረቻቸው፣ ከየትኛውም ዳይስ ይልቅ ለሷ ይሳሳሉ። በየጨዋታው የሚወዱትን ሰው፣ እንስሳ ወይም ዕቃ ልብ ብለህ መዝግብ።

ዳይሱን ግን ፊታቸው ጣለው። ከመጋረጃ ጀርባ ጥለህ እየራራህ የምታድናቸው ከሆነ ያውቁብሃል። ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል አንተም እንደነሱ ውጤቱን እየጠበቅህ መሆኑን ካዩ ይጨነቃሉ። ውጤቱ ሞት ከሆነም አትመልሰው። ከዚያ በፊት ግን መሸሻ እንዳላቸው አረጋግጥ። መንገዱ ክፍት ነበር፣ አይተውታል፣ አልሄዱበትም፤ እንዲህ ከሆነ ማንም አይቀየምህም።

ለዚህ እሁድ ትሮል አታዘጋጅ። ምንጩን፣ ሽማግሌውንና የታሰሩትን ውሾች ብቻ ያዝ። ልጆቹን ለብቻ ለብቻ ማነጋገሩን ከዚያ በፊት ጨርስ። የአጎትህ ልጅ በጨዋታው መሃል «አወቅኩት፣ ትሮል ነው» ካለህ «ነው» አትበለው፤ «አይደለም»ም አትበለው። «ታዲያ ወደ ምንጩ ትሄዳለህ?» በለው። የሆነውን ጻፍልኝ።